ክህነትና ክብር፦ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ወንዶችና ሴቶች እኩልነት ምን ያስተምራሉ?

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

በየአጥቢያው ስለ ሴቶች ተሳትፎ ሲነሣ ውይይቱ ብዙ ጊዜ ገና ሳይጀመር «ሴት ክህነት የላትም» በሚል ቃል ይዘጋል። ቃሉ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተጠየቀው የውኃ ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ የእህል ጎተራውን ቁልፍ ማን ይያዝ፣ ዕድሜዋ ያልደረሰች ልጅ ትዳር ይባረክ ወይስ ይከልከል የሚል ከሆነ መልሱ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። የክህነት ጥያቄ ሌላ ነው፤ የክብርና የፍትሕ ጥያቄም ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የካቶሊክ፣ የአንግሊካንና የፕሮቴስታንት እንዲሁም የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ሁለቱን ጥያቄዎች እንዴት እንደመለሱ በአጭሩ እንመለከታለን። ዓላማችን የሌሎችን ሥርዓት ለመቅዳት ሳይሆን የራሳችንን ኃላፊነት አጥርተን ለማየት ነው።

፩. የጋራው መሠረት

ክርስቲያኖች ሁሉ የሚነሡት ከአንድ ስፍራ ነው። ወንድና ሴት በእግዚአብሔር መልክ መፈጠራቸው በኦሪት ተጽፏል (ዘፍ. 1፥27)፤ ሐዋርያውም በክርስቶስ የተጠመቁት ሁሉ አንድ መሆናቸውን አስተምሯል (ገላ. 3፥28)። በእኛም ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ቢጠመቁም የሚቀበሉት የልጅነት ጸጋ አንድ ነው። ለሴት ልጅ የሚቀነስ ሜሮን፣ የሚከፈል ቅዱስ ቊርባን የለም።

አበውም ይህን መሠረት በኑሮ ላይ አውለውታል። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በዝሙት የወደቀችውን ሴት እየቀጣ ወንዱን በነጻ የሚያሰናብተውን የዘመኑን ሕግ ነቅፏል፤ ሕጉን ያወጡት ወንዶች ስለ ሆኑ ለራሳቸው አዳሉ ብሎም ተናግሯል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ሚስቱን የሚመታ ባል ራሱን እንደሚያዋርድ አጥብቆ አስተምሯል። ስለዚህ ጉዳዩ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚለው አነጋገር የአበውን ትምህርት ካለማስተዋል የሚመጣ ነው።

፪. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስተምህሮ

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ጎልቶ የታየ ዕድገት አለው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1930 ስለ ጋብቻ በጻፉት መልእክት የባልን ራስነትና የሚስትን መታዘዝ አጽንተው ነበር፤ ይህም የሚስትን ክብርና ነጻነት እንደማይሽር ገልጸዋል። በ1963 ዮሐንስ 23ኛ ስለ ዓለም ሰላም በጻፉት መልእክት ሴቶች በቤትም በአደባባይም ለሰብአዊ ክብራቸው የሚገባውን መብት መጠየቃቸውን እንደ ዘመኑ ምልክት ተቀበሉት። የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤም በ1965 በጾታ ምክንያት የሚደረገውን አድልዎ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር የሚቃረን ሲል አወገዘው።

ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1988 ስለ ሴቶች ክብር ባወጡት መልእክት የኤፌሶንን መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ሲተረጉሙ መታዘዝ የሚስት ብቻ ሳይሆን ክርስቶስን በመፍራት ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው የሚያደርጉት መሆኑን አስረዱ። በ1995 ከቤጂንጉ የሴቶች ጉባኤ በፊትም ለዓለም ሴቶች በጻፉት ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ለደረሰባቸው በደል ድርሻ ካላቸው እንደሚያዝኑ ገልጸዋል።

እኒሁ አባት ናቸው ግን በ1994 ቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ክህነት የመስጠት ሥልጣን እንደሌላት በቍርጥ ያስታወቁት። ምክንያቱም ክርስቶስ ሐዋርያት አድርጎ የመረጣቸው ወንዶች መሆናቸውና ትውፊቱም ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው። ይህንም ሲያስታውቁ ቅድስት ድንግል ማርያም ከሐዋርያት ክህነት አለመቀበሏ ከክብሯ ምንም እንዳልቀነሰባት አስገንዝበዋል።

የክህነቱ በር ሲዘጋ ግን ሌሎች በሮች አልተዘጉም። ጳውሎስ 6ኛ በ1970 የአቪላዋን ቴሬዛንና የሲየናዋን ካትሪንን የቤተ ክርስቲያን መምህራን ብለው ሰይመዋል። ፍራንቸስኮስም በ2021 የንባብና የመሠዊያ ረዳትነት አገልግሎትን በቋሚነት ለሴቶች ፈቅደዋል። በ2023 በተደረገው የሲኖዶስ ጉባኤ ከ50 በላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል።

፫. የአንግሊካንና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት

በዚህ ወገን መልሱ አንድ አይደለም። በአንግሊካን ኅብረት የመጀመሪያዋ ሴት ካህን ፍሎረንስ ሊ ቲም ኦይ ናቸው። የተሾሙት በ1944፣ በጦርነቱ ምክንያት ካህን ሊደርስላቸው ላልቻለው የማካዎ ምእመናን ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ግን በ1992 ከረጅም ክርክር በኋላ ወስና የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ካህናት የሾመችው በ1994 ሲሆን፣ ይህም ከሮም የተቃራኒው ውሳኔ የተሰማበት ዓመት ነው። በስዊድን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሹመቱ የተጀመረው በ1960 ነው። በሀገራችንም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን በቅስና ትሾማለች።

በአንጻሩ በአሜሪካ የሚገኘው የደቡብ ባፕቲስት ኮንቬንሽን በ2000 ባሻሻለው የእምነት መግለጫ የመጋቢነትን አገልግሎት ለወንዶች ብቻ ወስኗል። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ይኸው መግለጫ ባልና ሚስት በእግዚአብሔር ፊት እኩል ዋጋ እንዳላቸው መናገሩን ነው። ሴቶችን የሚሾሙትም የማይሾሙትም በክብር እኩልነት ላይ አልተለያዩም።

፬. የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት

በቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ጠሪነት በ1988 በሮድስ ደሴት የተካሄደው የኦርቶዶክስ ጉባኤ የሴቶችን ክህነት አልተቀበለም። ይሁን እንጂ ጉባኤው በዚያ አላበቃም። በሰው ድካምና ኃጢአት ምክንያት የክርስቲያን ማኅበረሰቦች ሴቶችን የሚያገሉ ልማዶችን ሁልጊዜ እንዳላስወገዱ አመነ፤ ጥንታዊው የዲያቆናዊት አገልግሎት እንዲታደስም አሳሰበ። በእኅታችን በግብፅ ቤተ ክርስቲያንም በአቡነ ሺኖዳ 3ኛ ዘመን ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለድኆችና ለሕሙማን የሚያገለግሉ ዲያቆናዊያት ተለይተው መሰጠት ጀምረዋል። የአገልግሎቱ ሥር በሐዋርያው ምስክርነት የተመሰገነችው ፌቤን ናት (ሮሜ 16፥1)።

ወደ ራሳችን ታሪክ ብንመለስ ምሳሌው ቅርብ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት በተቀበሉ ጊዜ ብዙ መኳንንት ንጉሡን ሲከተሉ፣ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የባለሥልጣን ሚስት ሆና ሳለ ቤቷን ትታ መነነች። ግዞትንና ስደትን ታግሣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ማኅበራትን መሠረተች፤ አስተዳደረችም። ክህነት አልነበራትም፤ ነገር ግን ምክሯ ተሰምቷል፣ መሪነቷም ተከብሯል፣ ገድሏም ተጽፏል። ቅድስቲቱን በዓመት በዓሏ የምናከብር ሆነን ሳለ የአጥቢያችን እናት በስብሰባ ላይ እጇን ስታነሣ አይተን እንዳላየን ብናልፍ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥራ እንሠራለን።

፭. ለአጥቢያችን የሚሆነው ትምህርት

ከላይ የተመለከትናቸው አብያተ ክርስቲያናት በክህነት ጉዳይ ሊታረቅ በማይችል ልዩነት ይኖራሉ። ሴት የመመከር፣ ንብረት የማስተዳደር፣ የመማርና ከጥቃት የመጠበቅ መብት የላትም ብሎ የሚያስተምር ግን ከመካከላቸው የለም። እንግዲህ ክህነትን ምክንያት አድርጎ እነዚህን መከልከል ልማድ እንጂ ሃይማኖት አይደለም። ከዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች እናሳስባለን።

በምክክር፦ ሰበካ ጉባኤ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተወካዮች የሚገኙበት ነው። ምእመናን ስንል ሴቶችንም ማለታችን ነው። በጠበል ጸዲቁ ዝግጅት የሚደክሙት እናቶች በበጀቱም ላይ ይመካከሩ። የስብሰባው ሰዓት ውኃ የሚቀዳበትና እራት የሚሠራበት ሲሆን ሴቶቹ «ተጠርተው ቀሩ» ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

በልማት፦ ውኃውን በእንስራና በጄሪካን የምታመላልሰው ሴት መንገዱንም፣ ወረፋውንም፣ ምንጩ የሚደርቅበትንም ወር ታውቃለች። እርሷ ሳትጠየቅ የተመረጠ የውኃ ነጥብ ለጎብኚ ዓይን ያምር ይሆናል፤ ለቤት ግን ይርቃል። በውኃ ኮሚቴም ከአባልነት አልፋ ሒሳብ ያዥ ብትሆን ሥራው ይጠቀማል።

በጋብቻ፦ የሀገራችን ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመትን ወስኗል። የንስሐ አባት ከቃል ኪዳኑ በፊት ልጅቱን ወላጆቿ በሌሉበት ፈቃዷን ይጠይቅ። ዕድሜ ሲያጠራጥር የአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ይታይ። የወላጅ ይሁንታ የልጅቱን ፈቃድ አይተካም።

በጥቃት ጊዜ፦ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከ1988 እስከ 1998 ድረስ አብያተ ክርስቲያናት ከሴቶች ጎን የሚቆሙበት አሥር ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር። በዚያ ዘመን በየሀገሩ የተላኩ ቡድኖች በጎበኟቸው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት መኖሩን አይተዋል። በእኛም ዘንድ የተመታች ሴት ወደ አባቷ ስትመጣ «ቻዪው፣ ለልጆችሽ ብለሽ» ተብላ የምትመለስበት ጊዜ አለ። ትዕግሥት ታላቅ ምግባር ነው፤ ነገር ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚሸከመው እንጂ በሌላው ትከሻ ላይ የሚጭነው አይደለም። ካህኑ ምሥጢሯን ጠብቆ፣ በፈቃዷ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሕግ እንድትደርስ ይርዳት፤ ባልየውንም ለብቻው ጠርቶ ይገሥጽ። ከንስሐ በፊት የሚደረግ ዕርቅ ቊስሉን ሳያጥቡ መሸፈን ነው።

፮. ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን በዚህ ዓመት ከተወሰኑት ጉዳዮች ውስጥ ሴቶች አስቀድመው የተጠየቁበት የትኛው ነው?
2. «ሥርዓት ነው» ከምንላቸው ነገሮች መካከል በቀኖና የተጻፈው የትኛው ነው? በልማድ ብቻ የገባውስ?
3. ባሏ የሞተባት ሴት የመሬት ይዞታዋን ዘመዶች ሲቀሟት ሰበካ ጉባኤው ምን ያደርጋል? ሽማግሌዎቹስ ማንን ያዳምጣሉ?
4. ተጠቅታ የመጣች ሴትን ለመርዳት በአቅራቢያችን ማን አለ? ካህናታችን ያውቁታል?

መልሶቹን በቃለ ጉባኤ መዝግባችሁ በቀጣዩ ስብሰባ እንድትመለሱባቸው እናሳስባለን። የጌታን ትንሣኤ አስቀድመው ያበሠሩት ሴቶች ነበሩ። ሐዋርያት በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ቅዠት ቆጥረው አላመኗቸውም (ሉቃ. 24፥11)፤ የተነገራቸው ግን እውነት ነበር። ዛሬም በየአጥቢያችን የሚነገረንን እውነት ተናጋሪዋ ሴት ስለሆነች ብቻ እንዳንገፋው አምላከ ቅዱሳን ማስተዋልን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።