በብልቃጥ ያደገ ሩዝ ዘር ይሆናል ወይ?

የአዲ አርቃይ ገበሬ ጤፍን፣ ማሽላንና ዳጉሳን አሳምሮ ያውቃል። ሩዝ ግን ለብዙው ሰው ከሱቅ የሚገዛ እህል ነው። ሆኖም ሩቅ አይደለም። ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ማይጸብሪ ላይ ተሞክሯል፤ በፎገራማ ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩበታል። ወደ አገራችን ከገቡት ዝርያዎች አንዱ ኔሪካ ይባላል። ኔሪካ የተገኘው በቤተ ሙከራ እርዳታ ነው። ታዲያ ገበሬው «የቤተ ሙከራ ዘር መካን ነው፤ በየዓመቱ ግዙ ሊሉን ነው» ብሎ ቢጠራጠር እኛ ተማሪዎች አንፈርድበትም። ዘሩን ከገዛ ጎታው ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የሚታረስ ሩዝ ሁለት ወገን ነው። አንዱ የእስያ፣ አንዱ የእኛው የአፍሪካ። የአፍሪካውን ያለመዱት በኒጀር ወንዝ ዳር የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። አረምን ይቋቋማል፤ ግን ፍሬው ይረግፋል፣ ምርቱም ያንሳል። የእስያው ብዙ ያፈራል፤ ግን አረም ያሸንፈዋል።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኮትዲቯር አገር ሞንቲ ጆንስ የሚባሉ የሴራሊዮን ተወላጅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለቱን ለማዳቀል ተነሡ። የአንዱን የአበባ ብናኝ በሌላው አበባ ላይ አደረጉ። ጽንሱ ተያዘ፤ ግን ሳይበስል ይሞት ነበር። ለምን? የሩዝ ፍሬ ዱቄቱ የጽንሱ ስንቅ ነው። ወላጆቹ ሲራራቁ ስንቁ በደንብ አይሞላም፤ ጽንሱም በረሃብ ይሞታል።

ስለዚህ ጽንሱን ገና ለጋ ሳለ አውጥተው ብልቃጥ ውስጥ አኖሩት። በብልቃጡ ውስጥ ስኳርና ማዕድን ያለበት፣ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት የረጋ ምግብ አለ። ስኳር ባለበት ሻጋታ አይጠፋም። ስለዚህ ብልቃጡም ምግቡም አስቀድሞ በኃይለኛ እንፋሎት ይቀቀላል። ጥቂት ሻጋታ ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ጽንሱ ሥርና ቅጠል ሲያወጣ ወደ አፈር ይዛወራል።

የመጀመሪያው ዲቃላ በእርግጥ እንደ በቅሎ ነበር፤ ከሞላ ጎደል አያፈራም። የገበሬው ጥርጣሬ እዚህ ላይ እውነት አለው። ተመራማሪዎቹ ግን ዲቃላውን ከእስያው ወላጁ ጋር ደግመው አዳቀሉት፤ ያን ጊዜ ማፍራት ጀመረ። በከፊሎቹም ላይ የወንዴውን ብናኝ ከነከረጢቱ በብልቃጥ አሳድገው፣ ጠባዩ የማይለዋወጥ ተክል ቶሎ አገኙ። ያለዚያ ብዙ ዓመት እየዘሩ መምረጥ ነበረባቸው። ሞንቲ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከቻይናዊው ዩዋን ሎንግፒንግ ጋር ተካፈሉ።

ሩዝ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ የኔሪካ ገበሬ ባዕዱን ነቅሎ፣ ጥሩውን ዛላ መርጦ፣ አድርቆ ቢያስቀምጥ ለከርሞ ዘር ይሆነዋል።

ኔሪካ ውሃ የተኛበት ማሳ አያስፈልገውም፤ የማይቆራረጥ ዝናብ ግን ይሻል። ብርድም አይወድም፤ ከሊማሊሞ በላይ ላለው ደገኛ አንመክረውም። ቆለኛው ግን በጓሮው በአንድ መደብ ቢሞክረው አይጎዳም። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታሰብ። የሩዝ ገለባ ጠንካራ ነው። መፈተጊያ ማሽን በአቅራቢያ ከሌለ ሥራው ሙቀጫ ላይ ይወድቃል፤ ሙቀጫውን የሚይዙት ደግሞ ሴቶች ናቸውና ከመዝራቱ በፊት እነሱም ይጠየቁ።