ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ባዶ ቦታ "አለርጂ የለም" ማለት አይደለም!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ በሽታ ሳይሆን ካርድ ክፍል ስትገቡ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሞላላችሁ ፎርም ነው። "ይሄ ደግሞ ምን የጤና ምክር ነው?" እንዳትሉኝ፤ ነው!

ካምባ ላይ አንዲት እናት ጉሮሯቸውን አሟቸው መጡ። ፎርሙን ስከፍት የአለርጂ ቦታው ባዶ ነው። አሞክሳሲሊን ልጽፍ ስል "እማማ፣ ከዚህ በፊት ያልተስማማዎት መድኃኒት አለ?" አልኳቸው። "አንዴ መርፌ ተወግቼ ከንፈሬ አብጦ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር" አሉኝ። ምን መርፌ እንደሆነ አያውቁም። አርባ ምንጭ ላለው ልጃቸው ደወልን። ለካ የያኔውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ አስቀምጦታል፦ ፔኒሲሊን! አሞክሳሲሊን ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ነው። አምፒሲሊንና ኦግመንቲንም እንደዚሁ። ሌላ መድኃኒት ጻፍኩላቸው።

ታዲያ ችግሩ የት ጋ ነው? እኛ የምንጠቀምበት ፎርም ስም፣ ጾታና ዕድሜ ካልተሞላ አያሳልፍም። የአለርጂውን ቦታ ግን ባዶ ብትተወውም ያልፋል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ "ተጠይቆ የለም ብሏል"፣ ወይ "ማንም አልጠየቀውም"። ዶክተሩ ከስክሪኑ ላይ ሁለቱን መለየት አይችልም።

የተሞላውም ቢሆን ሊሳሳት ይችላል፦

🔹 ስም፦ ስማችሁ አንዴ በሀ፣ አንዴ በሐ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ሊቆጥራችሁ ይችላል። ያኔ ሁለት ካርድ ይወጣል፤ አለርጂያችሁ አንዱ ላይ ይቀራል።

🔹 የልደት ዘመን፦ ብዙ ሶፍትዌሮች ከውጭ የመጡ ስለሆኑ የሚያነቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2015 ዓ.ም የተወለደ ልጅ 2015 ተብሎ በቀጥታ ከገባ፣ 7 ወይም 8 ዓመት ትልቅ ሆኖ ይታያል። ዕድሜን መሠረት አድርጎ ለሚሰጥ መድኃኒት ይህ ቀላል ስህተት አይደለም።

ምን እናድርግ?

✅ ሳትጠየቁም ቢሆን ተናገሩ፦ አለርጂ፣ እርግዝና፣ አሁን የምትወስዱት መድኃኒት (የደም ማቅጠኛና የባህል መድኃኒትም ጭምር)።

✅ የምታውቁት አለርጂ ከሌላችሁ "የለኝም ብላችሁ ጻፉልኝ" በሉ።

✅ ማቅለሽለሽ ወይም ቀላል ተቅማጥ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ አለርጂ አይደለም። ሽፍታ፣ የፊት ወይም የከንፈር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ካጋጠማችሁ ግን የመድኃኒቱን ስም ጠይቃችሁ ያዙ።

✅ የካርድ ቁጥራችሁን፣ የመድኃኒት ማዘዣችሁንና የመድኃኒቱን ካርቶን ፎቶ አንሱ። ገጠር ላሉ እናት አባታችሁም እንዲሁ።

ዛሬ ማታ እቤት ደውላችሁ "እማዬ፣ የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ለወዳጅ ዘመድም ሼር አድርጉ።