የሌላን ዘፈን መዝፈን፦ ግልበጣ ነው ወይስ ሥራ?

አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ራይ ኩደር እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ኢንቱ ዘ ፐርፕል ቫሊ» የተባለው ሸክላ ከሞላ ጎደል የሌሎች ሰዎች ዘፈን ነው። ታዲያ ኩደር ምን ሠራ?

አንዱን እንይ። «ቪጂላንቲ ማን»ን ዉዲ ገትሪ በ1940 አስቀርጾታል። በ1930ዎቹ ድርቅና አቧራ ከቀያቸው ነቅሏቸው ሥራ ፍለጋ የተንከራተቱ ሰዎችን የሚያሳድዱ ታጣቂዎችን ያነሳል። ኩደር ይህንኑ የጊታሩን ክር በጠርሙስ አንገት ስልት እያንሸራተተ ተጫወተው። ታሪኩ የገትሪ ነው፤ ድምፁ ግን የኩደር።

እኛስ? ክፍል ገብተን የምናስተምረው አብዛኛው ሌላ ሰው ያገኘው ነው። መጽሐፉን እንዳለ ብናነብላቸው ልጆቹ ያንቀላፋሉ። የባለቤቱን ስም ጠርተን፣ በአካባቢያቸው ምሳሌ ስናቀርበው ግን ትምህርቱ ነፍስ ይዘራል።

መልመጃ፦ ለልምምድ የምታስተምሩትን አንድ ርዕስ ውሰዱ። ምኑ መነካት የለበትም? ምኑንስ በራሳችሁ መንገድ ታቀርባላችሁ?