ሚስት ኬሞቴራፒ ስትጀምር የባል ድርሻ ምንድን ነው?

በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) አብረው አልወጡም። ባለቤታቸው፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ)፣ በጠና ታመው ስለነበር እንዲያስታምሟቸው መዲና እንዲቀሩ ታዘዙ። የድሉ ዜና መዲና ሲገባ ሩቀያ አርፈው ነበር። ይሁንና ዑስማን በድር ላይ እንደዋለ ሰው ተቆጥረው ከምርኮው ድርሻቸው ተሰጣቸው። ታማሚዋ አልዳኑም፤ የአስታማሚው ዋጋ ግን አልተጓደለም። ሚስትን ማስታመም የሴት ዘመዶች ሥራ ነው ብሎ ከሳሎን ተቀምጦ እንግዳ ለሚቀበል ባል ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ርዕስ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤቴ በ2016 ዓ.ም የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ኬሞቴራፒ ጀመረች። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም የካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚታይ በመሆኑ ጉዳዩ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። እኛ በምንኖርበት አዲሱ ገበያ እንኳ ጎረቤት ሰምቶ ሲመጣ «የእኔም እህት ይህንኑ ታክማለች» ያለን ሰው አንድ ሁለት ብቻ አልነበረም። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ያየሁት ነገር በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ባል ቀን ቆጣሪ መሆን አለበት።

ለምን ቀን ይቆጠራል? ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት ነው። የካንሰር ሴል በፍጥነት ይባዛል። ነገር ግን የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን እንዲሁም ደም የሚሠራበት መቅኔም በፍጥነት የሚባዙ ሴሎች ስላሏቸው አብረው ይጎዳሉ። ጉዳቱ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም። ለጡት ካንሰር በሰፊው ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በአብዛኛው በየ21 ቀኑ አብረው ይሰጣሉ። መድኃኒቱ የተሰጠበት ዕለት አንደኛው ቀን ይባላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሳምንት የራሱ ጠባይ አለው።

የመጀመሪያው ሳምንት የማቅለሽለሽ ነው። እንደ ኦንዳንሴትሮን ያሉ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ይህን ችግር በእጅጉ ቀንሰውታል። ጥቅማቸው የሚታየው ግን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ሲወሰዱ እንጂ ትውከቱ ካየለ በኋላ ሲፈለጉ አይደለም። ስለዚህ ሰዓቱን መያዝ የባል ሥራ ነው። ዶክሶሩቢሲን ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን ሊቀላ ይችላል፤ ይህ ደም አይደለምና አያስደንግጥ። መቅላቱ ከዚያ ካለፈ ወይም ሽንት ሲሸና ካቃጠለ ግን ለሐኪም ይነገር። ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛን ስለሚቆጣ ውኃ በብዛት መጠጣት አለባት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትውከትና ሽንት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ። ምግብ ሲሸታት ስለሚያስጠላት ሽንኩርት ቁሌቱ ከምትተኛበት ክፍል ይራቅ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ።

ሁለተኛው ሳምንት ከሁሉም ይበልጥ የሚያሰጋው ነው። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች በጣም ይቀንሳሉ። አስቸጋሪው ነገር በዚህ ጊዜ ማቅለሽለሹ ስለሚቀላት ደህና የሆነች መምሰሏ ነው። ዘመድም «ተሽሏታል» ሲባል የሚመጣው በዚሁ ሳምንት ነው። የባለቤቴ አክስት ከደሴ ድረስ የመጡት በዘጠነኛው ቀን ሲሆን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። «ልጄን እንዳላይ ትከለክለኛለህ?» አሉኝ። «እርስዎን አልከለክልም፤ ጉንፋኑን ነው። ለጊዜው በመስኮት ያነጋግሯት» አልኳቸው። በረንዳ ላይ ወንበር አወጣሁላቸውና በመስኮት ሲያወሩ ዋሉ። ቅር ብሏቸው እንደነበር አውቃለሁ። ነገር ግን በሽተኛን መጠየቅ የተወደደው ለበሽተኛው ሲባል ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሠራዊታቸውን ይዘው መመለሳቸውን የሚያውቅ ሰው ጥንቃቄን ከተወኩል ማነስ አይቆጥረውም።

በዚሁ ሳምንት ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና በሚገባ ያልታጠበ ሰላጣ ከቤት ይውጣ። ቴርሞሜትር ይገዛ። ሙቀቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ንጋት አይጠበቅም፤ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሐኪም ሳያማክሩ ፓራሲታሞል መስጠት ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያጠፋም። እኛ ቤት በአሥራ አንደኛው ሌሊት 38.4 ሆነ። ጎረቤታችን መኪናውን አስነሳ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ «ኬሞቴራፒ ላይ ናት፤ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው» ብዬ የሕክምና ካርዷን ሰጠሁ። ሐኪሟ ሌላ ብዙ ጥያቄ ሳትጠይቅ ደሟን አስመርምራ በደም ሥር መድኃኒት አስጀመረችላት። ከአራት ቀን በኋላ ወደ ቤታችን ተመለስን፣ አልሐምዱሊላህ። እንዲህ ባለው ሌሊት ቀኑን በትክክል መናገር መቻል ትልቅ እገዛ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጉልበት ይመለሳል፤ ፀጉር ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ወቅት መርገፍ ይጀምራል። «ሂጃብ ለባሽ ናት፤ ማን ያያታል?» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ሂጃብ ከውጭ ሰው ዓይን ይሸፍናል። ፀጉሯ የሚረግፈው ግን ቤቷ ውስጥ፣ ትራሷ ላይ፣ በመስታወቷና በባሏ ፊት ነው። ስለዚህ የባል ዓይን እዚህ ላይ ይፈተናል። አስቀድማ ለማሳጠር ከፈለገች ይርዳት፤ ካልፈለገች አያጣድፋት። ዘመድ ሊጠይቃት የሚመጣውም በዚህ ሳምንት ቢሆን ይመረጣል።

ሁለት ነገሮች ሳይነሱ መታለፍ የለባቸውም። አንደኛው ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ይዘው የሚመጡ ሰዎች ጉዳይ ነው። ሐሳባቸው መልካም ነው። ሆኖም አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋር ላይስማማ ስለሚችል ሐኪሟ ሳታውቅ ምንም አይሰጣት። ሁለተኛው ረመዷን ነው። በሽተኛ ጾሙን ለሌላ ቀን እንዲያዘገይ አላህ (ሱ.ወ) ፈቅዷል። ይህን እያወቀች እንኳ በማፍጠሯ የምታዝን ሴት ብዙ ናትና ባል ውኃውን በራሱ እጅ ቢያቀርብላት ሐዘኗን ያቀልላታል።

እኛ የአዲሱ ገበያ ሰዎች በሰሜን ማዘጋጃ አድርገን ፒያሳ ወርደን በቸርችል ጎዳና ጥቁር አንበሳ እንደርሳለን፤ ጳውሎስ ሆስፒታልም እዚሁ ጉለሌ ነው። በደጃችን የሚያልፈው የጎጃም አውቶቡስ ግን መድኃኒቷን ወስዳ ወደ አገሯ የምትመለስ ሴት ይዞ ሊሆን ይችላል። አሥረኛው ቀን የሚደርስባት ከሆስፒታል ርቃ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ በመስጠት ይታወቃል። ክፍል ያለው ሰው ከገጠር የመጣች ዘመዱን እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን ቢያሳርፍ ከብዙ ስጋት ያሳርፋታል። ጀመዓውና እድሩም ተሰብስቦ ከመጠየቅ ይልቅ የታክሲ ገንዘብ ቢያዋጣ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ቢያመጣ እርዳታው በቀጥታ ይደርሳል።

ባሎች ሆይ! ግድግዳችሁ ላይ የቀን መቁጠሪያ ስቀሉ። አንደኛውን ቀን ጻፉ፤ ሰባተኛውንና አሥራ አራተኛውን በቀይ አክብቡ። በእነዚያ ቀናት ቤት እደሩ። አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ዓፊያን፣ ለሚያስታምሙት ሰብርን ይስጥልን። አሚን።