ከመኪና ስንወርድ ጫማው ለምን ጠበበን?

ፈተናው አልቆ፣ ካርድ ተሰጥቶ፣ ሻንጣ መሸከፍ ተጀምሯል። አዲስ አበባ አክስቱ ጋ የሚሄድ አለ፣ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ሊንሸራሸር ያሰበ አለ፤ ሌላው ደግሞ ከዲላ ወደ ቡሌ፣ ወደ ኮቸሬ ወይም ወደ ገደብ ቤተሰቡ ጋ ይመለሳል። ዛሬ የምናወራው ስለ መንገዱ ነው፤ በተለይም በመንገዱ ላይ ስለሚረሳው እግራችን።

ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ገብቶ አውቶብስ የተሳፈረ ሰው አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ነው የሚውለው። ዲላ ሲወርድ ጠዋት ልኩ የነበረው ጫማ ይጠበዋል። ካልሲውን ሲያወልቅ የላስቲኩ ምልክት እግሩ ላይ ቦይ ሠርቶ ይታያል፤ በጣት ሲጫነው ጎድጎድ ብሎ ይቆያል። "እንዴ! ምን ነካኝ?" የሚባለው ይሄኔ ነው። አንዱ ብርድ መትቶኝ ነው ይላል። ሌላው ዝሆኔ ያዘኝ ብሎ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ለማንም ሳይናገር ይተኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ደምን ወደ እግር ስትልክ ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው፤ ደሙ ከተረከዝ ተነስቶ እስከ ደረት ሽቅብ መውጣት አለበት። ይህን ሥራ በብዛት የሚያግዘው የባታችን ጡንቻ ነው። በተራመድን ቁጥር ጡንቻው ተኮማትሮ ደም መልስ ሥሮችን ይጨምቃል፣ ደሙም ወደ ላይ ይገፋል። በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ቫልቮች ደግሞ የወጣው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ባዮሎጂ ላይ የተማራችሁት ነው፤ ለፈተና ብቻ መስሏችሁ ነበር አይደል? እንግዲህ ለሰዓታት ስንቀመጥ ይህ ፓምፕ ሥራ ይፈታል። ደሙ እግር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ውሃው ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ሾልኮ በቆዳና በሥጋ መሃል ይቀመጣል። እብጠቱ ይሄው ነው። በሞጆና በሻሸመኔ መካከል ያለው የስምጥ ሸለቆ ሙቀትም ሥሮቹን ስለሚያሰፋ ነገሩን ያብሰዋል።

ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? ፓምፑን ማሠራት ነዋ! ለዚህ ደግሞ መነሳት የግድ አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዛችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ሳቡ፤ ቀጥሎ በጣቶቻችሁ ቆማችሁ ተረከዛችሁን አንሱ። ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሙት። አጠገባችሁ ያለው ሰው በግርምት ቢያያችሁ እሱንም አስተምሩት።

ከወንበር ሥር ጆንያና ጀሪካን ጠቅጥቆ ጉልበትን አጥፎ መጓዝ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እውነቱን ለመናገር እብጠቱን ከሚያመጡት ነገሮች ይህ ቀላል የሚባል አይደለም። እግር ካልተዘረጋ አይንቀሳቀስም፤ የወንበሩም ጠርዝ ከጉልበት ጀርባ ሥሮቹን ይጫናል። ስለዚህ ዕቃው ጣሪያ ላይ ይውጣ። ጫማችሁም ማሰሪያው የሚላላ ይሁን፤ ላስቲኩ የሚያጠብቅ ካልሲ ይቅር። መኪናው ለምሳ ሲቆም ምግቡን ተቀምጦ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። ጨው የበዛበት ምግብም ውሃን ሰውነት ውስጥ ስለሚይዝ በጉዞ ቀን ቢቀንስ ጥሩ ነው።

በተለይ ሴት ተማሪዎች "መንገድ ላይ ሽንት ቤት ከየት ይመጣል?" ብለው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ይጓዛሉ። ስጋቱ ይገባናል። ግን ውሃ ጥም እብጠቱን አያስቀርም፤ ራስ ምታትና ድካም ነው የሚጨምረው። ለሽንት መውረድ ራሱ እግር ማፍታታት ስለሆነ ረዳቱን "አቁምልን" ለማለት አትፈሩ።

ቤት ስትደርሱ በጀርባ ተኝቶ እግርን በተጣጠፈ ጋቢ ላይ ከደረት ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። እግር ማጠቢያ ውሃ ከቀረበላችሁ ለብ ያለ ይሁን፤ በጣም የሚያቃጥል ውሃ ሥሮቹን ይበልጥ ያሰፋል። የመንገድ እብጠት ብዙውን ጊዜ አድሮ ይሟሽሻል።

የማይናቅ እብጠት ግን አለ። ያበጠው አንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ባቱ ከሞቀ፣ ከቀላና ሲነኩት ካመመ፣ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ የዚህን አደጋ ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በአውሮፕላንም በመኪናም። በጤነኛ ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው ግን ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክር። እንዲህ ያለውን እግር ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት አደገኛ ነው፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ደረት መውጋትና ትንፋሽ ማጠር ከታከለበት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል!

ዝሆኔስ? ወደ ደጋው ለእረፍት የምትሄዱ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ። በሀገራችን ደጋማ ቦታዎች የሚታየው አንዱ የዝሆኔ ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ትንኝም ተሕዋስያንም አያመጡትም። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህንን አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ግምት በሀገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው ይገልጻል።

ከመንገድ እብጠት በምን ይለያል? አንድ ቀን መኪና ላይ ውሎ ዝሆኔ የያዘው ሰው የለም። ይህኛው የሚጀምረው እግር ላይ በማሳከክና በማቃጠል ነው። መጀመሪያ ላይ እብጠቱ እሱም አድሮ ይቀንሳል፤ ሆኖም ጉዞ በሌለበት ቀንም ይመለሳል፣ የጣቶቹም ቆዳ እየወፈረ ይሄዳል። ይህን ያየ ተማሪ ሳይደብቅ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ገና ሲጀምር ከተያዘ ሊመለስ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ስለ ኤች አይ ቪ ስናወራ መገለል ሰውን ከሕክምና እንደሚያርቅ ተነጋግረን የለ? እዚህም ያው ነው። እግሩ ያበጠ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ፈቀቅ የሚል ሰው ካያችሁ አስረዱት።

የትምህርት ቤት ጫማ እንዳያልቅ ተብሎ ክረምቱን በባዶ እግር ጭቃ መርገጥ ግን የተለመደ ነው። ፕላስቲክ ጫማም ቢሆን ከባዶ እግር ይሻላል። ከማሳ ስትመለሱ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በጣቶች መሃል ያለውንም አድርቁ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ቀቡት።