ወረርሽኝ ሲመጣ አካል ጉዳተኛ ጎረቤት እንዳይዘነጋ፦ የእድር ኮሚቴ ሥራ ደረጃ በደረጃ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ በየባንኩና በየሕንፃው በር በእግር እየተረገጠ ውኃ የሚያፈስ መታጠቢያ ተተከለ። እጅ ቧንቧ እንዳይነካ የታሰበበት ጥሩ ሥራ ነበር። በዊልቸር የመጣ ሰው ግን መርገጫውን በምን ይርገጥ? በክራንች የቆመስ? ጥበቃው ደግሞ «ሳይታጠቡ መግባት አይቻልም» ይላል። በወረርሽኝ ጊዜ መብት አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሰው እንዲህ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ አስቀድሞ የጠየቀ ስለሌለ ብቻ። የመንግሥት ግዴታ እንዳለ ሆኖ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በር የሚያንኳኳው ጎረቤት ነውና የሚከተለው ለእድርና ለሰፈር ኮሚቴ የተጻፈ ነው።

ደረጃ 1፦ ደህና ቀን ሳለ መዝግቡ

ቤት ለቤት ዙሩ። አካል ጉዳተኛ ልጃቸውን ከሰው ዓይን ያራቁ ቤተሰቦች አሉና «የለም» በተባለበት ቤት ሌላ ቀን ተመለሱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብራችሁ ብትኖር በሩ ቶሎ ይከፈታል። ጥያቄውን ለእናት ወይም ለወንድም ሳይሆን ለባለጉዳዩ አቅርቡ፦ የትኛውን መድኃኒት ይወስዳሉ? መልእክት በምን ይድረስዎት? በየቀኑ የሚያግዝዎ ማነው? መዝገቡ በፈቃድ ይያዝ፣ አንድ ሁለት ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ በእድር ስብሰባ ላይ ግን አይነበብ።

ደረጃ 2፦ ተተኪ ረዳት አዘጋጁ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «ርቀታችሁን ጠብቁ» የሚለው ምክር በሰው እጅ ለሚለብስና ለሚጎርስ ሰው አይሠራም። ረዳቱ ታሞ ለይቶ ማቆያ የገባ ዕለት ደግሞ ሰውየው አልጋው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ተተኪ ይኑር። መራጩ ራሱ ባለጉዳዩ ነው፤ ሴት ከሆነች ሴት ትመደብላት። ተተኪው ሁሉም ጤነኛ ሳለ መጥቶ ሥራውን ይልመድ፦ ከአልጋ ወደ ዊልቸር እንዴት እንደሚያነሣ፣ ምግቡ ምን ያህል መላም እንዳለበት፣ ሲጨንቀው ምን እንደሚያረጋጋው። ማስክና ሳሙና ሲታደልም ለእነዚህ ረዳቶች ቅድሚያ ስጡ።

ደረጃ 3፦ መልእክቱን በሁሉም መንገድ አድርሱ

በሞንታርቦ የሚለፈፈውን መስማት የተሳናቸው አይሰሙትም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ዓይነ ስውራን አያነቡትም። አንዱን መልእክት በድምፅም፣ በጽሑፍም፣ በምልክት ቋንቋም አውጡት። በምልክት ቋንቋ የፊት ገጽታ የንግግሩ አካል ስለሆነ አስተርጓሚው ፊቱ ብርሃን ላይ ይሁን፤ ማስክ በሚያስፈልግበት ቦታ ፊት የሚያሳይ ግልጽ የፕላስቲክ መከለያ ያድርግ። የምልክት ቋንቋ ላልተማረ ሰው ሠርታችሁ አሳዩት። በድምፅ ብቻ የሚያገለግል ነፃ የስልክ መስመር ለመስማት የተሳነው ሰው እንደሌለ ይቆጠራልና የሚደውልለት ሰው፣ ወይም ሞባይል ላይ የሚልከው አጭር መልእክት የሚደርስበት ቁጥር ይኑር።

ደረጃ 4፦ የእጅ መታጠቢያውን አስተካክሉ

ጄሪካኑን ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፤ ከሥሩ የዊልቸሩ ተቀማጭ ጉልበት የሚገባበት ባዶ ቦታ ይተው። ቧንቧው በክርን ሲገፋ የሚከፈት ይሁን። ሳሙናውን በገመድ እሰሩት፤ መሬት ከወደቀ ማንሣት የማይችል አለ። ዊልቸርን በእጅ የሚገፉበት የጎማ ዙሪያ፣ የክራንች መያዣና የዓይነ ስውር በትር ከውጭ ሲገባ ይጠረጉ፤ ግን ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትንኩ። ዓይነ ስውር ስትመሩ ደግሞ ክርናችሁን ሳይሆን ትከሻችሁን ስጡ፤ ሁላችንም ክርናችን ላይ ሳሉ ተብለን የለ!

ደረጃ 5፦ ጤና ተቋም በር ላይ ተከራከሩ

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 11 በአደጋ ጊዜ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ያስገድዳል። ስለዚህ ታማሚው ዊልቸሩን ወይም የመስሚያ መሣሪያውን ይዞ ይግባ፤ ያለ ረዳት መቆየት ለማይችል ሰው ረዳቱ መከላከያ ለብሶ አብሮት እንዲቆይ ጠይቁ። አልጋ ወይም ኦክስጅን ሲያጥር ጉዳቱ ብቻውን ወደ ኋላ ማስቀሪያ ምክንያት አይሆንም። ይህ ስጋት የሌለ አይምሰላችሁ፤ በአሜሪካ የአላባማ ግዛት ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ከመተንፈሻ መሣሪያ ሊያስቀር የሚችል መመሪያ ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ከተሟጋቾች አቤቱታ በኋላ ነው የተነሣው። «አንቀበልም» ከተባላችሁ የሕክምና ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልሰጧችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ይዛችሁ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አመልክቱ።

ደረጃ 6፦ እርዳታውን በእጁ ስጡት

ሎተሪ የሚያዞር፣ ሚዛን ይዞ አስፋልት ዳር የሚቀመጥ ሰው መንገዱ ጭር ያለ ዕለት ገቢው ይቆማል፤ ዝርዝሩ ላይ ከፊት ይሁን። ዱቄቱና ዘይቱ ቤቱ ድረስ ይሂድለት እንጂ አይሰለፍ። ብር ከሆነ ለዓይነ ስውር ኖት በኖት እየነገራችሁ ቁጠሩለት። ፎቶ አታንሡ። ክፍፍሉን ከሚወስኑት የኮሚቴ አባላት መካከልም ቢያንስ አንዱ ራሱ አካል ጉዳተኛ ይሁን፤ ስብሰባው ደረጃ በሌለው ቤት ይደረግ።