«እርሺው» ይሉኛል

እትዬ፣

የምኖረው በድሬዳዋ ገጠር፣ ዋሂል ነው። በዘጠኝ ዓመቴ «ትማራለች» ተብዬ ድሬዳዋ ከተማ ዘመድ ቤት ተላክሁ፤ የጠበቀኝ ግን ሥራና ዱላ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሪያድ ገባሁ። እዚያም በር እየተቆለፈብኝ ሦስት ዓመት ሠራሁ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከተባረሩት ጋር ተመለስሁ። አሁን ባልም ልጅም አለኝ፤ ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን በር ሲንኳኳ እበረግጋለሁ፣ ልጄ ሲያለቅስ እጄ ይደነዝዛል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ቤተሰቦቼ «ያለፈውን እርሺው» ይሉኛል። ሐኪም ጋ ብሄድ ደግሞ ሁሉንም ተናገሪ እንዳይለኝ እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?

ከዋሂል

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ልብሽ ደካማ ሆኖ፣ አንቺም ምስጋና ቢስ ሆነሽ አይደለም። አንድ ሌሊት የደረሰ አደጋ ሌላ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ዓመታት የዘለቀ፣ ማምለጫ የሌለው በደል ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መለያ ይህን ዓይነቱን ጉዳት ለብቻው ሰይሞታል። ሰውነትሽ ያኔ ዱላውን ቀድሞ ለመስማት ነቅቶ መጠበቅን ለመደ፤ እስከ ዛሬ ከዘበኝነቱ አልወረደም። «እርሺው» ቢሉት አይሰማም።

ስለ ፍርሃትሽ ልንገርሽ። አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የማገገሙን መንገድ በሦስት ከፍላ አስረድታለች፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማልቀስ፣ ከዚያ ከሰው ጋር እንደገና መኖር። መናገሩ መጀመሪያ እንዳልሆነ ልብ በይ። ጥሩ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ሪያድን አያስቆፍርሽም። እንዴት እንደምትተኚ፣ ስትደነግጪ እንዴት እንደምትረጋጊ ነው የሚያስተምርሽ። ጥያቄው ቢከብድሽ «ዛሬ አይሆንልኝም» ማለት ትችያለሽ። «እምቢ» የማለት መብት ተነፍጎሽ ላደግሽው ለአንቺ፣ እሱ ራሱ ሕክምና ነው።

በአቅራቢያሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪና ድሬዳዋ ወዳለው ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲልኩሽ ጠይቂ። አፍሽን የፈታሽው በኦሮምኛ ከሆነ ቋንቋውን የሚናገር ባለሙያ ይኖር እንደሆነም ጠይቂ፤ በልጅነት የተለቀሰው በልጅነት ቋንቋ ይቀልላል። መድኃኒት ቢታዘዝልሽ ለእንቅልፍሽና ለጭንቀትሽ ያግዝሻል፤ ንግግሩን ግን አይተካም። ሕክምናውም በሁለት በሦስት ቀጠሮ አያልቅም፤ ወራት፣ ምናልባትም ዓመት ይወስዳል። እያደር እንደሚሻልሽ በእንቅልፍሽ ታውቂዋለሽ።

እስከዚያ ለባልሽ ጥቂቱን ብቻ ንገሪው። «ወደ ቤት ስትገባ ከውጭ ድምፅህን አሰማኝ» በይው። ልጅሽ ሲያለቅስ እጅሽ ከደነዘዘ እግርሽን መሬት ላይ አጥብቀሽ ትከዪ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ንኪ፣ በዓይንሽ የምታዪውን በስሙ ጥሪ፦ ምድጃው፣ ጀሪካኑ፣ በሩ። በሩ ዛሬ ከውጭ አልተቆለፈም። መሞት ካሰኘሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሰው ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

አንቺ በተመለስሽበት ዓመት ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተመለሱት። ስንቶቹ እንዳንቺ ሌሊቱን ነቅተው እንደሚያነጉት አስባለሁ።

«እርሺው» ለምትሏት ቤተሰቦቿም አንድ ልመና አለኝ፦ የቀጠሮዋ ቀን ልጇን ያዙላት።